ኮሶዬ በወርኃ ጽጌ

ወርኃ ጽጌ ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ያለው 40 ቀን መሆኑን ለካህናት መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ነገር ግን ማሕሌተ ጽጌን በከተማ ቆሞ የሰማ ሰው አበባውን በበቀለበት ስፍራ ለማየት ቢወድ፣ ከጎንደር ወጥቶ በደባርቅ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይሂድና ኮሶዬ ላይ ይውረድ። እኛም በጥቅምት ወር አንድ ቀን ይህንኑ አደረግን።

ስፍራው በወገራ ደጋ ጫፍ ላይ ያለ፣ ከፍታውም ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ነው። ከመንገዱ ጥቂት እልፍ ሲሉ መሬቱ በድንገት ይቆረጥና ቆላው ከእግር በታች ይታያል። ማለዳ በደረስን ጊዜ ግን ገደሉን ጉም ሞልቶት ስለ ነበር ከባሕር ዳር የቆምን መሰለን፤ ፀሐይ ሲሞቅ ጉሙ ተገፈፈና ተራራው በተራራ ላይ ተደራርቦ ተገለጠ። በአፋፉ ጭላዳዎች ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። ይህ ደረቱ ቀይ የሆነ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር በዱር የሚኖርበት አገር የለም። ሰውን ብዙ አይሸሽም፤ የገብስ ጠባቂ ልጆች ግን ወንጭፋቸውን ይዘው በዓይነ ቁራኛ ያዩታል፤ እሸት ከደረሰ ወዲያ ጉርብትና የለምና።

ከዚያ ወደ ሸለቆው ወረድን። ገብሱ ወደ ብጫነት ማድላት ዠምሯል፤ ባቄላው ገና አረንጓዴ ነው፤ የክረምቱ ደፍራሽ ወንዝ ጠርቶ ጠጠሩን ያሳያል። ከከብት ጠባቂዎች ፉጨት በቀር ድምፅ አይሰማም።

የአገሩ ስም ኮሶን ያስታውሳል፤ ዛፉን ግን ለማግኘት ብዙ መንገድ ሄድን። ሴቴው ኮሶ ቀላ ያለ አበባውን እንደ ዘለላ አንጠልጥሎ የሚታይበት ወራት ሊገባ ነው። አባቶቻችን ጥሬ ሥጋ በልተው የሆድ ትል በያዛቸው ጊዜ ይህንኑ አበባ ወቅጠው ይጠጡት ነበር፤ ምሬቱን የቀመሰ አይረሳውም። በየካቲት 1762 ዓ.ም. በዚሁ በወገራ በኩል ጎንደር የገባው የስኮትላንድ ሰው ጄምስ ብሩስ ዛፉን ከነሥዕሉ በመጽሐፉ አውጥቶ በወዳጁ በጆሴፍ ባንክስ ስም ጠራው። ስሙ አልጸናለትም፤ ዛሬ የዕፀዋት ሊቃውንት በአንድ የፕሩሲያ መድኃኒት ቀማሚ ስም ሀገኒያ ይሉታል። እኛ ግን በፊትም ኮሶ፣ ዛሬም ኮሶ እንላለን።

በመጨረሻ ያገኘነው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ከጽድና ከወይራ ጋር ቆሞ ነው። ከቅጥሩ በታች ያለው ቁልቁለት በጎርፍ ተሸንትሮ ቀይ አፈሩ ወጥቷል፤ ከቅጥሩ ውስጥ ያለው መሬት ግን ጥቁርና እርጥብ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው አንድ የድንጋይ ካብ ብቻ ነው።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ በየማሳው ዳር ተሰልፏል። ገበሬውን ልንወቅሰው አይገባም፤ ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት ደርሶ ለቤት ማገርና ለገንዘብ ይሆነዋል፤ ኮሶ ግን ቀስ ብሎ ያድጋል፣ መድኃኒቱንም የጤና ጣቢያ ኪኒን ተክቶታል። የዘሩ ምንጭ ባብዛኛው በካህናቱ እጅ ቀርቷል ቢባል ስሕተት አይመስለንም። ችግኝ የሚያፈሉት ሹማምንት የተተከለውን ቁጥር ከመጻፋቸው በፊት ከነዚሁ ቅጥሮች ዘር ለመልቀም ደብሩን ቢያስፈቅዱ፣ ካህናቱም ቢፈቅዱ፣ ያ የተሸነተረ ቁልቁለት ከሌላ አገር በመጣ ዛፍ ብቻ አይሸፈንም ነበር።

ሽቅቡ አድካሚ ነው፤ ሦስት ጊዜ ዐረፍን። በጣሊያን ወረራ ዘመን ወደ ተሠራው አውራ መንገድ በወጣን ጊዜ ፀሐይ አዘቅዝቃ፣ ጭላዳዎቹም ለማደር ወደ ገደሉ አንድ ባንድ ይወርዱ ነበር።