የኦጋዴን በግና የአውራ ምርጫ

የእንስሳ ዋጋ በቁመናውና በክብደቱ ብቻ የሚመዘን ቢሆን ኖሮ፥ ራሱና አንገቱ ጥቁር፥ ሌላው ገላው ነጭ የሆነው የኦጋዴን በግ ከታናናሾቹ ጋራ በተቈጠረ ነበር። ግልገሉ ሲወለድ 2 ኪሎ ተኩል ያህል ነው፤ ያደገችውም እናት ብዙውን ጊዜ ከ30 ኪሎ እምብዛም አታልፍም፤ የምትወልደውም በአብዛኛው አንድ አንድ ነው። ነገር ግን ይህ በግ ያደገው እህል እየተሰፈረለት ሳይሆን ዝናም ባነሰው ምድር በበቀለ ሣርና ቍጥቋጦ መሆኑን ያሰበ ሰው ፍርዱን መለወጡ አይቀርም።

ጠጕሩ አጭር ስለ ሆነ ሙቀቱን ይችላል። በዝናም ወራት ከበላው የተረፈው በላቱ ስብ ሆኖ ይጠራቀማል፤ ድርቅ በመጣም ጊዜ ያው ስብ ስንቅ ይሆነዋል። ሣሩ ደርቆ እንደ ገለባ በሆነ ጊዜ የግልገሉ እድገት ይቆማል፤ ዝናም ሲመለስ ግን የጐደለውን ፈጥኖ ይተካል።

ስለዚህ የመንጋ ልማት መጀመሪያው የመውለጃውን ወራት ማወቅ ነው። በግ የምታረግዘው 5 ወር ነውና፥ በጥቅምት መጨረሻ ደይር በሚባለው ዝናም ጠግባ ያረገዘች በግ፥ ጉ የሚባለው ዝናም በሚጀምርበት በመጋቢት መጨረሻ ትወልዳለች፤ ወተትም አታጣም። በጅላል ድርቅ የተወለደ ግልገል ግን ወይ ይሞታል፥ ወይ ቀጭጮ ይቀራል።

የዚህ በግ ዘር በ19ኛው ምእት ዓመት ከሶማሌ ጠረፍ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሻግሮ፥ የፋርስ በግ ሳይሆን «ጥቁር ራስ ፐርሺያን» ተባለ። በአውሮጳ አቈጣጠር ከ1930 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ዓመታት የዚያ አገር ሊቃውንት ዶርሴት ሆርን ከሚባለው የእንግሊዝ በግ ጋራ አዳቅለው፥ ግልገሎቹን እየመዘኑና እየመረጡ፥ ፈጥኖ የሚያድገውን ዶርፐርን አወጡ። ከብዙ ዘመን በኋላም ዶርፐር በዋጋ ተገዝቶ ወደ ኢትዮጵያ ገባ። እንዲህ ዘሩ ከቤት ወጥቶ ሌላ ስም ይዞ ተመለሰ።

ይሁን እንጂ ገላው የከበደ በግ ብዙ መኖ ይሻልና፥ ሣር በሌለበት ቦታ ዶርፐርን ማዳቀል ጥቅሙ ያነሰ ነው። ከዚህም የሚበልጠው ጕዳት በገበያ የሚደርሰው ነው። ፈጥኖ ያደገው ወንድ ግልገል ዋጋው መልካም ስለ ሆነ አስቀድሞ ይሸጣል፤ ገዢ ያላገኘው ቀጫጫ ደግሞ በመንጋው ቀርቶ አውራ ይሆናል። እንዲህ ያለው ነገር ከዓመት ወደ ዓመት ሲደጋገም መንጋው ሳይታወቅ ያንሳል፤ ባለቤቱም ጥፋቱን በድርቁ ላይ ያሳብባል።

መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። የእንስሳት ሹማምንት ግልገሎቹ ጡት ሲጥሉ በሚዛን አስመዝነው፥ ብልጫ ያላቸው ጥቂት ወንዶች ለዘር እንዲቈዩ ባለ መንጎቹን ቢያስተምሩና ከገበያ የሚቀርባቸውን ዋጋ የሚተካ እርዳታ ቢያደርጉ፥ ዘሩ በገዛ ምድሩ ይሻሻላል። ገበሬ ከምርቱ ሁሉ የተመረጠውን ለዘር ያስቀምጣል እንጂ ምርጡን ሽጦ እንክርዳድ አይዘራም፤ የበግም ነገር እንደዚሁ ነው።