የባለሱቅ ማስታወሻ ደብተር፦ ትንሽ ነጋዴ በኢንተርኔት ገበያ የሚናገረውን ከየት ያገኛል?

ከጥንት ጀምሮ ነጋዴ ዕቃውን ለማስታወቅ ያልደከመበት ጊዜ የለም። በገበያ ቀን ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጣራ ነበር፤ ቆይቶ በሱቁ በር ላይ ሰሌዳ ሰቀለ፤ ጋዜጣ በታተመ ጊዜ በጋዜጣ፣ ሬዲዮ በተሰማ ጊዜ በሬዲዮ አስነገረ፤ በዘመን መለወጫም ስሙ የታተመበትን የቀን መቁጠሪያ ለደንበኞቹ አደለ። ዛሬ ደግሞ ገዢው ከቤቱ ሳይወጣ የሚፈልገውን ዕቃ ስም በእጅ ስልኩ ላይ ጽፎ ይፈልጋል። ያገኘ እንደ ሆነ ይደውላል፤ ያላገኘ እንደ ሆነ ግን ሱቁ በጎረቤቱ እንኳ ቢሆን እንደሌለ ይቈጥረዋል።

ይህ ለውጥ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው በትንሹ ነጋዴ ላይ ነው። ትልቁ ድርጅት ለማስታወቂያ ሥራ ብቻ ሠራተኛ ቀጥሮ ያሠራል። ትንሹ ባለሱቅ ግን ገዢውም፣ ሻጩም፣ ሒሳብ ያዡም ራሱ ነው፤ ማታ ሱቁን ዘግቶ በድካም ሲቀመጥ «ዛሬ ደግሞ ምን ልጻፍ?» የሚለው ጥያቄ ይገጥመዋል። ገንዘቡ በዕቃ ታስሮ፣ የቤት ኪራዩ ወር እየቈጠረ፣ በአጠገቡ የሚያልፈው ገዢ ሱቁን ሳያውቀው ወደ ሌላ ገበያ ሲሄድ ማየት ደግሞ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

በሰሜን አዲስ አበባ፣ በጉለሌ የሚገኘው የዊንጌት ሰፈር ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ማስረጃ ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1946 ከተመሠረተው ከጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ትምህርት ቤቱም በ1933 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ከጣልያን ወረራ ነጻ ለማውጣት በተደረገው ዘመቻ የተዋጋው እንግሊዛዊ መኮንን የኦርድ ዊንጌት መታሰቢያ ነው። እንግዲህ አንድ የትምህርት ቤት ስም የታክሲ መቆሚያ፣ የአደባባይና የሰፈር ስም ሆኖ በሕዝብ አፍ ተተከለ። ከዚህ ነጋዴ የሚማረው ነገር አለ፤ ይኸውም የአዲስ አበባ ሰው ቦታን የሚያውቀው በመንገድና በቤት ቁጥር ሳይሆን በትምህርት ቤት፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በሆስፒታልና በአደባባይ ስም መሆኑን ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን በዚሁ ሰፈር ነጠላ፣ ጋቢና የሐበሻ ቀሚስ የሚሸጥ አንድ ባለሱቅ በምሳሌነት ይወሰድ። በስተምሥራቅ ባለው በሽሮ ሜዳ ስመ ጥር የሆነው የሀገር ልብስ ገበያ አለ፤ ወደ ከተማው መካከል ወረድ ሲሉ ደግሞ መርካቶ አለ። ስለዚህ ይህ ሰው በሁለት ታላላቅ ገበያዎች መካከል የቆመ ትንሽ ሱቅ ይዟል ማለት ነው። ወጣቶቹ ሲመክሩት በቴሌግራምና በፌስቡክ ገጽ ከፈተ። በመጀመሪያው ሳምንት «ጥራት ያለው ዕቃ በተመጣጣኝ ዋጋ አስገብተናል፤ መጥተው ይጐብኙን» ብሎ ጻፈ። በሁለተኛው ሳምንት ያንኑ ቃል በሌላ ሥዕል ደገመ፤ በሦስተኛውም እንደዚሁ። በአምስተኛው ሳምንት የሚለው ነገር አለቀበትና ዝም አለ። ሦስት ወር ሙሉ ምንም ያልተጻፈበት ገጽ ደግሞ በሩ ላይ አቧራ እንደ ጠጣ ሱቅ ነው፤ ያየው ሁሉ ነጋዴው ዘግቶ የሄደ ይመስለዋል።

የዚህ ባለሱቅ ችግር የሐሳብ እጥረት አልነበረም፤ ሐሳቡን የሚፈልግበት ቦታ ተሳስቶ ነበር። ስለ ራሱ ዕቃ ጥሩነት የሚናገር ሰው ቃሉ በቶሎ ያልቃል፤ ደንበኛው የሚጠይቀውን የሚመልስ ሰው ግን ጠያቂ እስካለ ድረስ ቃል አይቸግረውም።

የደብተሩ ጥቅም

ዋናው መሣሪያ ዋጋው ጥቂት የሆነ አንድ የማስታወሻ ደብተር ነው። ደብተሩ በገንዘብ መሳቢያው አጠገብ ይቀመጥ፤ ወደ ሱቁ የገባ ወይም በስልክ የደወለ ሰው የጠየቀው ጥያቄ ሁሉ እርሱ በተናገረበት ቃል፣ ሳይታረምና ሳያምር ይጻፍበት። በሳምንቱ መጨረሻ ከአንድ በላይ የተደጋገመው ጥያቄ ተመርጦ መልሱ በገጹ ላይ ይውጣ።

በሀገር ልብስ ሱቅ የሚጠየቀውን ማንም ባለሙያ ያውቀዋል። «ጋቢ ከነጠላ ይልቅ ለምን ይወደዳል?» የሚለው አንዱ ነው። ነጠላ ሁለት ድርብ፣ ጋቢ ግን አራት ድርብ መሆኑን፣ በእጅ የተፈተለ ጥጥ ከፋብሪካ ክር የሚለይበትንም ምክንያት ባለሱቁ በዐሥር መስመር ቢያስረዳ፣ ገዢው ዋጋውን ሳይከራከር የሚረዳበት ጽሑፍ ይሆናል። «ለለቅሶ ቤት ነጠላ እንዴት ይለበሳል? ለቤተ ክርስቲያንስ?» የሚለው ሌላው ነው። በሐዘን ጊዜ ጥለቱ ወደ ትከሻ እንደሚሆን፣ ለጸሎት ደግሞ መስቀለኛ እንደሚደረግ እናቶች ያውቁታል፤ በባዕድ ሀገር ያደገ ልጅ ግን አያውቀውምና የሚያስረዳውን ሰው ያመሰግናል። «ጥለቱ ቀለም ይለቅቃል? በምን ይታጠባል? የጠበበ ቀሚስ ይሰፋል?» እያለ ጥያቄው ይቀጥላል። እያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ጽሑፍ ነው።

ሁለተኛው የሐሳብ ምንጭ ዕቃው የሚሠራበት ቦታ ነው። በሽሮ ሜዳና በአካባቢው ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎችና ልጆቻቸው ይህን ሙያ ለረጅም ዘመን ሲሠሩ ኖረዋል። ባለሱቁ ዕቃ ሊረከብ በሄደ ጊዜ ድሩ ሲዘረጋ፣ ማጉ ሲወረወር፣ ጥለቱ በቁጥር ሲገባ ሸማኔውን አስፈቅዶ ጥቂት ፎቶግራፍ ቢያነሣ፣ ከመቶ የውዳሴ ቃል ይበልጣል። ገዢ የሚከፍልበትን ድካም ባየ ጊዜ በዋጋው አይጠራጠርም።

ሦስተኛው የቀን መቁጠሪያው ነው። እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ገና፣ ጥምቀትና ፋሲካ ቀናቸው አስቀድሞ የታወቀ ነው። የሠርግ ወራት የሆኑት ጥርና ሚያዝያም እንዲሁ። ነገር ግን ብዙ ነጋዴዎች ስለ በዓሉ የሚጽፉት በበዓሉ ዋዜማ ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን ገዢው ገንዘቡን አውጥቶ ጨርሷል። ለጥር ሠርግ ልብስ የሚያሠራ ቤተሰብ በኅዳር ይጠይቃል፤ በውጭ ሀገር ያለው ወገን ደግሞ የመላኪያውን ጊዜ ጨምሮ ስለሚያስብ ከዚያም ይቀድማል። ስለዚህ ለበዓሉ የሚሆነው ጽሑፍ ከበዓሉ ሁለት ወር ቀድሞ ይውጣ።

አራተኛው ምንጭ ብዙዎች የሚደብቁት ነው፤ እርሱም የተመለሰ ዕቃ ነው። አንዲት ደንበኛ ቀሚሱ አጥሮኛል ብላ ብትመልሰው፣ ባለሱቁ በኀፍረት ዝም ከሚል ይልቅ ቁመትና ወገብ በትክክል እንዴት እንደሚለካ ቢጽፍ፣ የሚቀጥለውን መመለስ ያስቀራል።

መጻፍ ብቻ አይበቃም፤ መገኘት ያስፈልጋል

መልካም ጽሑፍ ፈላጊው ካላገኘው በመሳቢያ እንደ ተቈለፈ ደብዳቤ ነው። በዚህ ረገድ አማርኛ የራሱ የሆነ ችግር አለው። ሠርግ የሚለውን ቃል አንዱ በንጉሡ «ሠ»፣ ሌላው በእሳቱ «ሰ» ይጽፈዋል፤ ሐበሻን አንዱ በሐመሩ «ሐ»፣ ሌላው በሃሌታው «ሀ» ይጽፈዋል። ሰው በንባብ አይሳሳትም፤ የኢንተርኔት መፈለጊያ ግን ሁልጊዜ ሁለቱን እንደ አንድ ቃል አይቈጥራቸውም። ከዚህም ሌላ አማርኛን በላቲን ፊደል የሚጽፍ ብዙ ነው፤ «ቀሚስ» ለማለት የመጀመሪያውን ፊደል አንዱ በ«ኬ»፣ ሌላው በ«ኪው» ይጽፋል። ስለዚህ ነጋዴው በጽሑፉ ውስጥ የዕቃውን ስም አንድ ጊዜ በአንዱ፣ ሌላ ጊዜ በሁለተኛው አጻጻፍ ቢያገባ፣ በላቲን ፊደልም ቢጨምርበት፣ በሁሉም በር ይገኛል። ይህን ሲያደርግ ግን ንባቡ እንዳይበላሽ በልክ ይሁን።

ዋጋውንና ስልኩን በሥዕሉ ላይ ብቻ ጽፎ የሚለጥፍም አለ። መፈለጊያው በሥዕል ላይ ያለውን ቃል እንደ ተራ ጽሑፍ አስተማምኖ አያነበውምና፣ የዕቃው ስም፣ መጠኑ፣ ዋጋውና የሰፈሩ ስም ከሥዕሉ በታች በፊደል መጻፍ አለበት።

በጉግል ካርታ ላይ ሱቅን ማስመዝገብ ያለ ክፍያ የሚፈጸም ነው። ድርጅቱ ራሱ እንደሚገልጸው፣ በአካባቢ ፍለጋ አንዱ ሱቅ ከሌላው ቀድሞ የሚታየው በሦስት ነገር ነው፤ ከተፈለገው ነገር ጋር በመዛመዱ፣ ለፈላጊው ቅርብ በመሆኑና በታዋቂነቱ። ቅርበቱን ነጋዴው ሊለውጠው አይችልም፤ የቀሩት ሁለቱ ግን በእጁ ናቸው። የሱቁ ስምና የስልክ ቁጥሩ በሰሌዳው፣ በካርታውና በገጾቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሁን። ለደንበኞች አስተያየትም፣ ምስጋናም ቢሆን ወቀሳ፣ በትሕትና መልስ ይሰጥ።

እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ስሕተት ብዙ ገበያ ታሳጣለች። ካርታው ሰዓት የሚቈጥረው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከፍቶ ከምሽቱ 1 ሰዓት የሚዘጋ ባለሱቅ ቁጥሩን እንዳለ ቢያስገባው፣ ካርታው ሱቁን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከፍቶ ከቀኑ 7 ሰዓት ያዘጋዋል። ከዚያ በኋላ ከሰዓት የሚፈልገው ገዢ ሁሉ «ተዘግቷል» የሚለውን ቃል አይቶ ይመለሳል፤ ባለሱቁ ግን በዚያው ሰዓት በሩን ከፍቶ ደንበኛ እየጠበቀ ነው። ትክክለኛው አገባብ መክፈቻውን ከረፋዱ በፊት 8፣ መዝጊያውን ከቀትር በኋላ 7 ብሎ በአውሮፓ ሰዓት መመዝገብ ነው።

እውነት የጽሑፍ ሁሉ መሠረት ነው

በፋብሪካ የታተመ ጨርቅ የሽመና ጥበብ መስሎ በሚሸጥበት ዘመን ሁለቱም ዕቃ ገዢ አለው፤ የታተመውን የታተመ ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ የሚነቀፍበት ነገር የለም። የሚጎዳው የታተመውን «በእጅ የተሠራ» ብሎ መጻፍ ነው። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ከልክሏል፤ ነገር ግን ከሕጉ አስቀድሞ የሚቀጣው የደንበኛ ወሬ ነው። በገበያ ላይ የተነገረ ውሸት ከነፋስ ጋር ይሄድ ነበር፤ በጽሑፍ የተነገረ ግን ከነስሙና ከነቀኑ ተቀምጦ ይቈያል። ተከታይ በገንዘብ መግዛትም እንደዚሁ ከንቱ ነው፤ ያልኖረ ሰው ጋቢ አይገዛም። የደንበኛን ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ ማውጣትም አይገባም፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ይህን ከጨዋነት አልፎ የሕግ ጉዳይ አድርጎታል።

ይህ ምክር ለባለሱቅ ብቻ የተነገረ አይደለም። የመኪና መለዋወጫ የሚያስመጣ ነጋዴ ደብተሩን ቢገልጥ፣ ደንበኞቹ የሚጠይቁት በዕቃው ቁጥርና በመኪናው ዓመተ ምሕረት መሆኑን ያያል፤ ገጹም እነዚህን ቁጥሮች ይያዝ። ቡና ላኪውም የውጭ ገዢው ደብዳቤ ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣውን ጥያቄ ይመልከት። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ስለ ደን ጭፍጨፋ ያወጣው ደንብ ቡናን ስለሚጨምር፣ ገዢዎች ቡናው የበቀለበትን ማሳ በትክክል ማወቅ ይሻሉ። ይህን ሳይጠየቅ በግልጽ ጽፎ የሚያሳይ ላኪ ከተወዳዳሪው አንድ እርምጃ ይቀድማል።

ወደ ዊንጌቱ ባለሱቅ ስንመለስ፣ ከእርሱ የሚጠበቀው ሥራ በሳምንት አንድ ምሽት ነው፤ ደብተሩን ይገልጣል፣ አንድ ጥያቄ ይመርጣል፣ እውነተኛ መልሱን ይጽፋል፣ አንድ ፎቶግራፍ ይጨምርበታል። በዓመት ሃምሳ ያህል ጽሑፍ ይሆናል። በዚህ ሽሮ ሜዳን አይበልጥም፤ መርካቶንም አያሸንፍም። ነገር ግን አንድ ሰው በስልኩ ላይ «ዊንጌት አካባቢ ጋቢ» ብሎ በጻፈ ጊዜ ሱቁ የሚታይበት ዕድል ይሰፋል፤ ከሩቅ ሀገር የሚደውልም ስለ ልብሱ ያነበበ ደንበኛ ሆኖ ይደውላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለ፣ አንዱ ክር ብቻውን ቀጭን ነው፤ በየሳምንቱ ሲጨመርበት ግን ገበያን የሚይዝ ጨርቅ ይሆናል። ደብተሩ ነገ ጠዋት ሱቅ ሲከፈት፣ የመጀመሪያው ደንበኛ ከመግባቱ በፊት በመሳቢያው አጠገብ ይቀመጥ።