ከበቆሎ ወደ ቀርከሃ

«ዋተርክሬስ» የልጆች ሥዕላዊ መጽሐፍ ነው። ጽሑፉ የአንድሪያ ዋንግ፣ ሥዕሉ የጄሰን ቺን ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካ ታተመ፤ በዓመቱ ቺን የካልዴኮት ሜዳልያ አገኘበት፣ በዚያ አገር ለሥዕላዊ መጽሐፍ ሠዓሊ ከዚህ የሚበልጥ ክብር የለም። ከቻይና የሄዱ ወላጆች ኦሃዮ ውስጥ በአሮጌ መኪና ሲጓዙ ከመንገድ ዳር ቦይ ዋተርክሬስ የሚባል የሚበላ ቅጠል ያያሉ። ልጆቹን ጭቃ ውስጥ አስገብተው ያስለቅማሉ። ልጅቷ ታፍራለች፤ ማታ ገበታ ላይ ሲቀርብም አልበላም ትላለች። ያኔ እናትየው ልጅ ሳለች ቻይና ስላየችው ረሃብና ስለ ታናሽ ወንድሟ ታወራለች። ታሪኩ ይኸው ነው።

እኔን የያዘኝ ግን አንድ ዝርጋታ፣ ጎን ለጎን የተገለጡ ሁለት ገጾች፣ ነው። በአንዱ ገጽ የኦሃዮ በቆሎ ቆሟል፤ ወደ ሌላው ገጽ ሲሻገር አገዳው ቀርከሃ ይሆንና ሳናውቀው የእናትየው አገር እንገባለን። በመሀል የተሰመረ ድንበር የለም። ቺን የቻይናንና የምዕራቡን የውሃ ቀለም ብልሃት አዳብሎ ስለሠራው ቀለሙ ራሱ ያሻግራል። ገጾቹ የሚጋጠሙበት እጥፋት ሠዓሊዎች የሚሸሹት ቦታ ነው፤ ፊት ካረፈበት ስፌቱ አፍንጫውን ይውጠዋል። ቺን ግን በልጅቷና በእናቷ መካከል ያለውን ርቀት ሁሉ እዚያ ላይ አኖረው፤ ጽሑፉ ስለዚህ አንድም ቃል አይተነፍስም። ይህን መጽሐፍ ገጽ በገጽ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ለምትላላኩ ሰዎች አዝናለሁ። በቆሎው ለብቻው፣ ቀርከሃው ለብቻው ይደርሳል። ጽሑፉን ብቻ አንብበው ቶሎ የሚገልጡ ወላጆችም ከዚህ አይሻሉም።

«ሥዕል ፊደል ላልቆጠረ ነው» የሚሉ አሉ። ጋይንት ቤተልሔም ግን የቤተ ክርስቲያን ዜማ የሆነው የድጓ ማስመስከሪያ ነው፤ በዚያ አገር የሚያነብ ሰው ጠፍቶ አያውቅም፣ ቢሆንም የመቅደስ ግድግዳ ያለ ሥዕል አይታሰብም። ድጓ ያስመሰከረው መሪጌታም ቆሞ ያያል። ሠዓሊው ሾን ታን ደግሞ «ዘ አራይቫል» በተባለው መጽሐፉ (እ.ኤ.አ. 2006) ነገሩን ገለበጠው። አባቱ እ.ኤ.አ. በ1960 ከማሌዥያ ወደ አውስትራሊያ የሄደ የቻይና ዘር ነው። መጽሐፉ ወደ ባዕድ ከተማ የገባ ስደተኛን ታሪክ የሚናገረው ያለ አንድ ቃል ነው፤ በከተማው የሚታየው ጽሑፍም ሠዓሊው የፈጠረው ፊደል ስለሆነ ፕሮፌሰሩም እረኛውም እንደ ስደተኛው እኩል መሃይም ይሆናሉ።

«ዋተርክሬስ»ን ጋይንት ውስጥ ንፋስ መውጫ ላለችው አክስቴ ሰጥቻት ነበር። ፊደል አልቆጠረችም፣ እንግሊዝኛማ ከየት መጥቶ። ለቃሚዎቹ ላይ ስትደርስ «ሳማ ነው እንዴ? በምን ያዙት፣ አልለበለባቸውም?» አለች። አይለበልብም፣ የውሃ ዳር ቅጠል ነው አልኳት።

«ታዲያ ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው የምትሸሸገው?»

እኔ ሳልመልስ ገጹን ወደ ኋላ ገለጠችና ራሷ አገኘችው። «ሰው እንዳያያት ነው።»

ጋይንትና ስማዳ ድርቅ የደጋገመባቸው አገሮች ናቸው፤ በክፉ ቀን ሳማ ቀቅሎ መብላት ያለ ነው፣ ለእንግዳ ግን አይወራም። አክስቴ ከዚያ በኋላ ስለ ረሃቡ ገጽ ምንም አልጠየቀችኝም።

የእኛም ስደት ተሥሏል። ኢትዮጵያ ውስጥ ያደገችው ጄን ከርትዝ የጻፈችው፣ ኢ. ቢ. ሉዊስ የሣለው «ፋራዌይ ሆም» (እ.ኤ.አ. 2000) አሜሪካ ስላለች ደስታ ስለምትባል ልጅ ነው፤ አባቷ የታመመች እናቱን ሊጠይቅ ወደ ኢትዮጵያ ሊሄድ ሲነሳ እንዳይቀርባት ትሰጋለች። ከስማዳና ከጋይንት ደጋ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሑመራ የሚወርደውን አባት ግን በሥዕል መጽሐፍ እስካሁን አላየሁትም። የሚሞክር ሠዓሊ ካለ ከተጓዡ ይልቅ ቤት የቀረችውን ልጅ ቢይዝ እመርጣለሁ። እሷ ቆላውን አላየችውም፤ ስለዚህ ሠዓሊው ሰሊጡን ከአባቷ አፍ እንደሰማችው፣ ከጎጇቸውም አስረዝሞ ሊሥለው ይችላል።