ሰፊ ቤት ወይስ ቅርብ ሰፈር? ከአያትና ከጎተራ አንዱን ስንመርጥ ያየናቸው የጤና ጉዳዮች



"ዶክተር፣ ቤት ልንቀይር ነው፤ ከጤና አንጻር የቱ ሰፈር ይሻላል?" የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር ደጋግሞ ይደርሰኛል። ዘንድሮ ጥያቄው የራሴም ሆነ። እናቴ ከእኛ ጋር ልትኖር ስትመጣ ባለ ሁለት መኝታ ቤታችን ጠበበን። ባለቤቴና እኔ ሁለት ወር ያህል ስንፈልግ ከቆየን በኋላ ምርጫው በሁለት ሰፈሮች መካከል ሆነ፦ አያትና ጎተራ። ኪራያቸው ተቀራራቢ ነው።

አያት ያገኘነው ቤት ባለ አንድ ፎቅ ቪላ ነው። አራት መኝታ ቤት፣ ግቢ፣ ሁለት የሎሚ ዛፍ አለው። ጎተራ ያየነው ደግሞ ባለ ሦስት መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ከዋናው አደባባይና ከማሳለጫው ብዙም አይርቅም። ቤቱን ብቻ ላየ ሰው ምርጫው ግልጽ ነው፣ አያት! ልጆቹም ግቢውን ሲያዩ "እዚህ ነው የምንገባው" ብለው ጨርሰው ነበር።

እኔና ባለቤቴ ግን አንድ ነገር ተስማማን። ቤቱን በክፍል ብዛት ከመመዘናችን በፊት የቤተሰቡን አባል አንድ በአንድ እንጻፍ፤ ከሁሉም አስቀድመን ደግሞ ጤናው ስስ የሆነውን። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ይህ ነው፦

👉 የ9 ዓመቷ ልጃችን፦ አስም አለባት፤ ብርድና አቧራ ያስነሳባታል።
👉 እናቴ፦ 70 አልፏታል፤ የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች፣ ጉልበቷን ያማታል።
👉 የ5 ዓመቱ ልጃችን፦ ጤነኛ ነው፤ የማይወጣበት ነገር ግን የለም።
👉 እኛ ሁለታችን፦ ሥራችን መሀል ከተማ ነው፤ እኔ ተረኛ የምሆንባቸው ሌሊቶች አሉ።

ከዚያ ሁለቱን ቤቶች በዚህ ዝርዝር መመዘን ጀመርን።

1. አየር

ብዙ ሰው "ወጣ ያለ ሰፈር ንጹሕ አየር አለው፣ መሀል ከተማ ጭስ ነው" ይላል። በጥቅሉ ትክክል ነው፤ ግን አይበቃም። ከመኪና ጭስ ውስጥ ሳንባን በጣም የሚጎዳው ፒኤም 2.5 የሚባለው ደቃቅ ብናኝ ነው። ውፍረቱ ከፀጉራችን 30 ጊዜ ገደማ ያነሰ ስለሆነ እስከ ሳንባ ጥልቅ ድረስ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የዓመቱ አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የማናስተውለው ነገር አለ። የመኪና ጭስ ጉዳቱ የሚበረታው በመንገዱ ዳር ነው። ከዋና መንገድ 150 ሜትር፣ 300 ሜትር ወደ ውስጥ በገባን ቁጥር መጠኑ በጣም እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ "ጎተራ ጭስ ነው" ከማለት "ጎተራ የትኛው ብሎክ?" ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ደላላው መጀመሪያ ያሳየን ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ መስኮቱ ወደ መንገዱ ነበር። ብርሃኑ ደስ ይላል፤ ግን የበረንዳውን ብረት በነጭ ሶፍት ስጠርገው ሶፍቱ ጥቁር ሆነ። ለአስም ልጅ ይህ ቤት አይሆንም። ሌላ ክፍት ቤት መኖሩን ስንጠይቅ ከመንገዱ ርቆ ውስጥ ባለ ብሎክ፣ ምድር ቤት ላይ አንድ አሳየን። ብርሃኑ ያንሳል። አየሩ ግን ሌላ ነው።

አያት ያለው ቤትስ? የመኪና ጭስ የለም ማለት ይቻላል። ነገር ግን የውስጥ ለውስጥ መንገዱ ጥርጊያ ነው፣ በግራም በቀኝም ግንባታ አለ፣ ሲኖትራኮች አሸዋ ያራግፋሉ። የግንባታ አቧራ ከጭሱ ብናኝ ወፈር ያለ ቢሆንም አስም ይቀሰቅሳል። በበጋ የሚበረታ ነገር ነው፤ መንገዱ አስፋልት ሲሆንና ግንባታው ሲያልቅ ይሻሻላል። መቼ እንደሚያልቅ ግን የሚነግረን አላገኘንም።

2. እንቅልፍና የመንገድ ሰዓት

ሁለቱንም ሰፈሮች በሥራ ቀን፣ በሥራ ሰዓት ሞከርናቸው። እሁድ ጠዋት አያት ሄዶ "ለካ ቅርብ ነው" ማለት ራስን ማታለል ነው። በሞከርናቸው ቀናት ከአያት ሥራ ቦታችን ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብን፤ የታክሲ ሰልፉ ጭምር ነው። ባቡሩ ከአያት ተነስቶ መሀል ከተማን አቋርጦ እስከ ጦር ኃይሎች ስለሚሄድ አማራጭ ነው፤ የጠዋቱ መጠባበቅና ግፊያ ግን የታወቀ ነው። ከጎተራ ግማሽ ሰዓት ነው፤ ሲብስ 40 ደቂቃ።

አሁን እናስላው። ደርሶ መልስ 3 ሰዓት በዓመት 240 የሥራ ቀን ሲባዛ 720 ሰዓት ይሆናል። ይህ ማለት 30 ሙሉ ቀንና ሌሊት! ከዓመቱ አንዱን ወር መንገድ ላይ ማሳለፍ ነው።

የልጅቷ ትምህርት ቤት መሀል ከተማ ስለሆነ አያት ከገባን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከቤት መውጣት አለባት፤ ለዚህ 11 ሰዓት መነሳት ግድ ነው። እኛ ማታ 2 ሰዓት ገብተን፣ እራት በልታ፣ የቤት ሥራ ሠርታ 3 ሰዓት ተኛች እንበል። የተኛችው 8 ሰዓት ብቻ ነው። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ ግን በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። እንቅልፍ ያጣ ልጅ ይነጫነጫል፣ ትምህርት አይገባውም፣ ክብደትም ይጨምራል። ትምህርት ቤት መቀየር ይቻላል፤ ግን ያንንም ከቤቱ ዋጋ ጋር አብራችሁ ቁጠሩት።

በሌላ በኩል ድምፅ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የሌሊት የመኪና ድምፅ ከ45 ዴሲቤል በታች እንዲሆን ይመክራል። ለረጅም ጊዜ በመንገድ ድምፅ ውስጥ መኖር ከልብ ሕመም ጋር ይያያዛል። በዚህ አያት ያለ ክርክር ያሸንፋል፤ ሌሊት የሚሰማው የውሻ ጩኸት ብቻ ነው። ጎተራ ውስጠኛው ብሎክ ጋ ማታ 4 ሰዓት ሄደን ግማሽ ሰዓት ቆምን። የመኪናው ድምፅ ከሩቅ ይሰማል፤ መስኮት ሲዘጋ ግን አያስቸግርም።

3. ደረጃና መታጠቢያ ቤት

የአያቱ ቪላ አራቱም መኝታ ቤቶች ፎቅ ላይ ናቸው። ምድር ቤት ያለችው ሽንት ቤት ጠባብ ናት፣ ሻወር የላትም። ጉልበቷን ለሚያማት እናት ይህ ማለት በቀን ስንት ጊዜ መውጣትና መውረድ ማለት ነው? በዕድሜ የገፋ ሰው ደግሞ ሌሊት ለሽንት ይነሳል። ጨለማ፣ እንቅልፍ ያልለቀቀው ዓይን፣ የግፊት መድኃኒት የሚያመጣው ማዞር፣ ለስላሳ ሴራሚክ ደረጃ... በዚህ ዕድሜ አንድ መውደቅ የዳሌ አጥንት ሊሰብር ይችላል። ከዳሌ ስብራት በኋላ እንደ ቀድሞው ቆመው መሄድ ያልቻሉ ብዙ አረጋውያን በሥራዬ አይቻለሁ።

"ሳሎኑን ከፍለን መኝታ እንሥራላት" አልን። አከራዩ ፈቃደኛ ነበሩ፤ ሻወሩ ግን መፍትሔ አላገኘም።

ለትንሹም ልጅ ደረጃና በረንዳ አደጋ ነው። የበረንዳ ብረት በመካከሉ ያለው ክፍተት ከ10 ሳንቲ ሜትር ከበለጠ ትንሽ ልጅ ሊሾልክበት ይችላል። ሜትር ይዛችሁ ሂዱ፤ አትፈሩ።

4. ቀኑን ከማን ጋር?

ይህን ያነሳችው ባለቤቴ ናት። "እኛ ጠዋት ወጥተን ማታ ነው የምንገባው፤ እማዬ እዚያ ግቢ ውስጥ ከማን ጋር ትውላለች?" አለች። እናቴን ስጠይቃት መልሷ አጭር ነበር። "ልጄ፣ ቤቱስ ያምራል። ግን ሰው የሌለበት ግቢ ምን ይሠራልኛል? ቡናው ለማን ይፈላል?"

ብቸኝነት የስሜት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአረጋውያን ላይ ከድብርት፣ ከመርሳት ችግርና ከልብ ሕመም ጋር ይያያዛል። ከዚያም በላይ ቤት ውስጥ ብቻውን ወድቆ ሰዓታት ሳይታይ የሚቆይ ሰው አለ። ጎተራ ምድር ቤቱ ፊት ለፊት ጎረቤት አለ፣ እናቶች ጠዋት ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ልጆች በብሎኮቹ መካከል ባለው ሜዳ ይሯሯጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል። የግል ግቢ ባይኖራቸውም ጓደኛ ያለበት ሜዳ ልጆችን የበለጠ ያሯሩጣቸዋል።

5. ሌሊት አስም ቢነሳስ?

ከሁለቱም ቤቶች 24 ሰዓት ክፍት የሆነና ኦክስጅን ያለው ጤና ተቋም የት እንዳለ አጣራን፣ መንገዱንም በመኪና ሄድንበት። እኔ ተረኛ በምሆንበት ሌሊት ባለቤቴ ብቻዋን ልጅቷን ይዛ መድረስ አለባት። ከጎተራ በጣም ይቀርባል። የትም ብትኖሩ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907ን እና የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ 939ን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ።

6. ውኃና እርጥበት

ውኃ በሁለቱም ሰፈር በፈረቃ ነው። አያት ትልቅ ሮቶ አለው፣ ይህ ጥሩ ነው። ግን ሮቶው መቼ ታጠበ? ክዳኑስ ይገጥማል? ብላችሁ ጠይቁ። ጎተራ ምድር ቤት ስለሆነ ግፊቱ ደህና ነው፤ ማጠራቀሚያ ግን እኛው መግዛት አለብን። የተጠራቀመ የመጠጥ ውኃን አፍልቶ ወይም በውኃ አጋር አክሞ መጠቀም ነው፤ መጠኑ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል።

የምድር ቤት ትልቁ ችግር እርጥበት ነው፤ ሻጋታ ደግሞ ለአስም ጠላት ነው። በበጋ ቤት የምታዩ ሰዎች ተጠንቀቁ፤ ደረቅ የመሰለው ግድግዳ በነሐሴ ሊያለቅስ ይችላል። የቁም ሳጥን ጀርባ፣ የመስኮት ጥግ፣ ከወለሉ ከፍ ብሎ ያለውን ግድግዳ እዩ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ "ለምን?" በሉ። እኛ ጎረቤት ጠየቅን፦ "ክረምት ላይ ውኃ ይገባል?" አከራይ የማይነግራችሁን ጎረቤት ይነግራችኋል።

እናስ? ምን ወሰናችሁ?

ጎተራ ገባን፤ ውስጠኛው ብሎክ፣ ምድር ቤት። ያጣነው ነገር አለ። ልጆቹ አንድ ክፍል ይጋራሉ፣ ሳሎኑ ከሰዓት በኋላ መብራት ይፈልጋል፣ የሎሚ ዛፎቹም እዚያው ቀሩ፤ ትንሹ ልጅ አሁንም ያነሳቸዋል። ያገኘነው ደግሞ በቀን ሁለት ሰዓት፣ ለእናቴ ደረጃ የሌለበት መታጠቢያ ቤት፣ ለልጅቷ በቂ እንቅልፍ ነው። አስሟን በተመለከተ ቤቱ ብቻውን ተአምር አይሠራም። ኢንሄለሯን በሐኪም ትእዛዝ መውሰዷን ትቀጥላለች፤ ከሰል ቤት ውስጥ አይያያዝም፤ የእናቴ ቡና ከነዕጣኑ ደጅ ነው የሚፈላው፣ ለጎረቤትም ይመቻል።

ይህ ማለት ጎተራ ከአያት ይሻላል ማለት አይደለም። ሥራችሁ ሲኤምሲ ወይም መገናኛ ከሆነ፣ ልጆቻችሁ እዚያው አካባቢ ከተማሩ፣ ቤቱ ምድር ላይ መኝታና ሻወር ካለው፣ ቀን ቤት የሚውል ሰው ካለ፣ አያት (ሰፈሩን ማለቴ ነው 😄) ለጤናችሁ በብዙ እጥፍ የተሻለ ሊሆን ይችላል። መለኪያው የሰፈሩ ስም ሳይሆን የእናንተ ቀን በዚያ ቤት እንዴት እንደሚውል ነው።

ቤት ከመከራየታችሁ ወይም ከመግዛታችሁ በፊት፦

✅ ከቤተሰባችሁ ጤናው ስስ የሆነው ማን ነው? ቤቱን መጀመሪያ ለእሱ መዝኑት።
✅ ቤቱን ሦስት ጊዜ እዩት፦ በሥራ ቀን ጠዋት 1 ሰዓት፣ ማታ መግቢያ ሰዓት ላይ፣ ሌሊት 4 ሰዓት።
✅ መስኮቱ ወዴት ነው? ከዋናው መንገድ ስንት ሜትር ይርቃል? የሕንጻው ጄኔሬተር የት ተተክሏል?
✅ አረጋዊ ካለ፦ መኝታ፣ ሽንት ቤትና ሻወር አንድ ወለል ላይ ናቸው?
✅ ሕፃን ካለ፦ ደረጃውና በረንዳው መከለያ አላቸው?
✅ ሌሊት ክፍት የሆነው ጤና ተቋም ስንት ደቂቃ ይፈጃል?
✅ ቀኑን ቤት የሚውለውን ሰው "አንተስ ምን ትላለህ? አንቺስ?" ብላችሁ ጠይቃችኋል?

የመጨረሻውን አትዝለሉት። ውሳኔውን የምንወስነው ጠዋት የምንወጣው ሰዎች ነን፤ ቤቱ ውስጥ የሚውሉት ግን ሌሎች ናቸው።

ቤት ለመቀየር ያሰበ ወዳጅ ካላችሁ ሼር አድርጉለት። እናንተ ቤት ስትቀይሩ ያያችሁትን የጤና ለውጥ፣ ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ አነባለሁ። ለየት ያለ የጤና ችግር ያለበት ሰው ቤታችሁ ካለ ግን ከሚከታተለው ሐኪም ጋር ተመካከሩ።

መልካም ጤና፣ ለምትቀይሩም መልካም ቤት!