በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ ተከፋፍሎ የሚኖር መዝገብ ምትክ ቅጂው ስለሚፋጠንበት ዘዴ

የብራና መጻሕፍትን የሚመረምር ሰው ሁሉ የቅጂን ጥቅም ያውቃል። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1973 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም በአዲስ አበባና በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ በምትገኘው በኮሌጅቪል በመቀመጡ፣ በአንዱ ቦታ ጥፋት ቢደርስ በሌላው ይተርፋል። ዛሬ ፎቶግራፉም፣ የተቀዳው ድምፅም፣ የመስክ ማስታወሻውም የኮምፒዩተር ፋይል እየሆነ ስለሚጠራቀም፣ ያው የቀድሞው ጥያቄ መልኩን ለውጦ ተመልሷል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማም እንዲህ ያለው ክምችት ምትክ ቅጂው የሚዘገይበትን ምክንያትና የሚፋጠንበትን መንገድ መግለጽ ነው።

ለምሳሌ ሴፍ የተባለውን ሥርዓት እንመልከት። ሴጅ ዋይል በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሳንታ ክሩዝ በትምህርት ላይ ሳለ ከባልደረቦቹ ጋራ ሠርቶ በ2006 ለሊቃውንት ጉባኤ አቅርቦታል። በዚህ ሥርዓት የፋይሉ አካል እንደ ልማዱ በ4 ሜጋባይት እየተቈረጠ በብዙ ዲስኮች ላይ ይበተናል። የፋይሉን ስም፣ መጠንና የተለወጠበትን ጊዜ ግን የማውጫ አገልጋይ የሚባለው ፕሮግራም ለብቻው ይቈጣጠራል።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት መታረም አለበት። ሥርዓቱ እያንዳንዱን ቍራጭ ብዙውን ጊዜ በሦስት ቦታ ስለሚያኖር፣ ሌላ ቅጂ አያስፈልግም የሚሉ አሉ። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሦስቱ ቍራጮች ዲስክ ሲበላሽ ያድናሉ፤ ሰው በስሕተት ፋይል ሲደመስስ ግን ትእዛዙ በሦስቱም ላይ ይፈጸማል። ስለዚህ ከሥርዓቱ ውጭ፣ በሌላ ቦታ የሚቀመጥ ምትክ ቅጂ ግድ ነው።

እንግዲህ ቅጂው የሚዘገየው ከምን የተነሣ ነው? ብዙ ሰው በመስመሩ ጥበት ያመካኛል። ትንንሽ ፋይሎች በበዙበት ክምችት ግን ጊዜውን የሚበላው መቅዳቱ ሳይሆን መጠየቁ ነው። 10 ሚሊዮን ፋይሎች አሉ እንበል። ቀጂው ፕሮግራም «ይህ ፋይል ከትናንት ወዲህ ተለውጧልን?» እያለ ስለ እያንዳንዱ ይጠይቃል። አንዱ ጥያቄ ከነመልሱ ከሰከንድ ሺኛ እጅ ሁለቱን ቢፈጅ፣ ጠቅላላው 20,000 ሰከንድ፣ ማለት ከአምስት ሰዓት ተኩል በላይ ይሆናል፤ ይህም አንዲት ፊደል እንኳ ሳትቀዳ ነው።

የመጀመሪያው መድኃኒት ጥያቄውን መቀነስ ነው። ሴፍ በእያንዳንዱ ማኅደር ላይ፣ ከበታቹ ባሉት ሁሉ የመጨረሻው ለውጥ የደረሰበትን ጊዜ ይጽፋል። ይህ ጊዜ ካለፈው ቅጂ የቀደመ ከሆነ፣ ማኅደሩን ከነልጆቹ ማለፍ ይቻላል። ነገር ግን ለውጡ ወደ ላይኛው ማኅደር የሚደርሰው ጥቂት ዘግይቶ ስለሆነ፣ የማነጻጸሪያው ሰዓት ካለፈው ቅጂ መጀመሪያ በጥቂቱ ቀደም ተደርጎ ይወሰድ፤ አለዚያ አንዳንዱ ለውጥ ሳይቀዳ ይቀራል።

ሁለተኛው ሥራውን ማከፋፈል ነው። ስምንት ቀጂዎች በየማኅደሩ ቢሰማሩ፣ ከላይ የተባለው ጊዜ በሐሳብ ደረጃ ወደ 42 ደቂቃ ይወርዳል። ሆኖም የማውጫው አገልጋይ አንድ ብቻ ከሆነ ጥያቄው በእርሱ ደጅ ይሰለፋልና፣ የቀጂዎቹን ቍጥር እየለኩ መጨመር እንጂ በግምት ማብዛት አይገባም።

ሦስተኛው ለመስመሩ የሚስማማውን አቀዳድ መምረጥ ነው። አንድሩ ትሪጅልና ፖል ማከራስ በ1996 ያወጡት አርሲንክ የተለወጠውን የፋይል ክፍል ብቻ ይልካል። ይህ በቀጭን መስመር እጅግ ይጠቅማል፤ ግን ፋይሉን በሁለቱም ወገን ማንበብ ስለሚጠይቅ፣ መስመሩ ሰፊ በሆነበት ቦታ ፋይሉን በሙሉ መላክ ይፈጥናል።

አራተኛም፣ ቅጂው ከመጀመሩ በፊት የክምችቱን የዚያች ሰዓት መልክ ማጽናት ይገባል። ሴፍ ይህን በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይፈጽማል፤ ሠራተኛው መጻፉን ሲቀጥል ቀጂው ከጸናው መልክ ያነባል። በ2021 ደግሞ እንዲህ የጸናውን መልክ ወደ ሌላ የሴፍ ክምችት የሚያሻግር አገልግሎት ተጨምሮበታል።

በመጨረሻ ፍጥነቱ ስለ ምን እንደሚፈለግ አንባቢው ያስተውል። አንድ ሌሊት የማይበቃው ቅጂ ውሎ አድሮ ይተዋል፤ የተተወውም ቅጂ መኖሩ የሚታሰበው ጥፋት ከደረሰ በኋላ ነው። እንዲሁም ተመልሶ ያልተፈተነ ቅጂ ገና ቅጂ አልተባለም። ጥቂት ፋይሎችን በየጊዜው አውጥቶ ከዋናው ጋራ ማስተያየት፣ ጸሐፊ የገለበጠውን መጽሐፍ ከእናቱ ጋራ እንደሚያመሳክር፣ የሥራው ፍጻሜ ነው።