በብራና፣ በዛፍ ልጥና በአሉሚኒየም የተሠራ ማንነት

እ.ኤ.አ. በ2003 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው) በዋሽንግተን ከተማ፣ በስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ጥበብ ብሔራዊ ሙዚየም «ኢትዮፒያን ፓሴጅስ» የተሰኘ ዐውደ ርእይ ተከፈተ። ያዘጋጀችው ኤሊዛቤት ሃርኒ ስትሆን፣ ሥራቸውን ያቀረቡት በውጭ አገር የሚኖሩ የኢትዮጵያ አርቲስቶች ነበሩ። እስክንድር ቦጎሲያን፣ አቻምየለህ ደበላ፣ ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ፣ ከበደች ተክለአብ፣ ጁሊ ምሕረቱ፣ አይዳ ሙሉነህ ከእነሱ መካከል ይገኛሉ። አብዛኞቹ ያደጉት፣ የተማሩት ወይም ያስተማሩት አሜሪካ ነው።

ስለ እነዚህ ሰዎች እኛ ዘንድ ሲነሳ ወሬው ብዙ ጊዜ ናፍቆት ላይ ያልቃል። እኔ ግን ሥራዎቹ ስለ አሜሪካም የሚናገሩ ይመስለኛል። ሰው በሌላ አገር ምድር ማንነቱን እንደ አዲስ ሲያበጅ ከየት ምን ያነሳል? መልሱ ከሥዕሉ ታሪክ በፊት ሥዕሉ የተሠራበት ነገር ላይ ይገኛል። ቀለም ብቻ ሳይሆን ቆዳ፣ ልጥ፣ ቁርጥራጭ ወረቀትና ብረት በአንድ ሥራ ላይ የሚገናኙበት ሚክስድ ሚዲያ የሚባለው አሠራር ለዚህ ጥያቄ የተመቸ ነው።

እስክንድር በ1937 አዲስ አበባ ተወለደ፤ በአባቱ በኩል የአርመን ዘር አለው። በ1955 ለትምህርት ወደ ለንደን ሄደ፤ ከዚያ ፓሪስ ለዓመታት ኖሮ በ1966 ተመለሰና አዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ። በእነዚያ ዓመታት ከሠራባቸው ነገሮች አንዱ የፍየል ቆዳ ነው። አዲስ አበባ ካራ የከብት ገበያ አጠገብ ለሚኖር ሰው የፍየል ቆዳ ምን ብርቅ አለው? ይሁን እንጂ ያው ቆዳ ተነክሮ፣ በእንጨት ላይ ተወጥሮ፣ ተፍቆ ብራና ሲሆን፣ ደብተራው ክታቡን በሚይዘው ሰው ቁመት ልክ እየሰፋ ክታብ ይጽፍበታል፤ ዓይናቸው የፈጠጠ መላእክትም ይሥልበታል። እስክንድር ያንን ዓይን፣ ያንን ጥቅልል ወስዶ ፓሪስ ካያቸው የሱሪያሊስቶች ሥራ ጋር አገናኘው።

ቀጥሎ የመጣው ለውጥ ይበልጥ ይማርከኛል። በ1970 ወደ አሜሪካ ሄደ፤ በኋላም በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ፤ እስከ 2001ም እዚያው ቆየ። ሃዋርድ የጥቁር አሜሪካውያን አንጋፋ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የሥነ ጥበብ ክፍሉን ይመራ የነበረው ጄፍ ዶናልድሰንም የጥቁሮችን ኩራት በደማቅ ቀለም ከሚያውጀው የአፍሪኮብራ ቡድን መሥራቾች አንዱ ነበር። እስክንድር እዚያ ሆኖ የዛፍ ልጥ ጨርቅ አነሳ። ይህ ጨርቅ ኡጋንዳ ውስጥ ባጋንዳዎች የሙቱባን ዛፍ ውስጠኛ ልጥ ልጠው፣ በእንጨት መዶሻ ቀጥቅጠው የሚያዘጋጁት ነው። በ1981 የሠራው «ታይም ሳይክል ሦስት» ቅርጾቹ ከልጡ ላይ ጎላ ብለው የወጡበት ሥራ ነው። የኡጋንዳን ልጥ ኢትዮጵያዊ እጅ ዋሽንግተን ላይ ያዘው። አፍሪካዊ መሆን አገር ቤት ሳለ ብዙም የማይነሳ ጉዳይ ነበር፤ አሜሪካ ግን ከአፍሪካ የመጣውን ሁሉ መጀመሪያ የምትጠራበት ስም አደረገችው። ልጡን ሳይ የሚታየኝ ይህ ነው።

ወሰኔ የእስክንድር ተማሪ ነበር፤ በ1980 ከሃዋርድ በሁለተኛ ዲግሪ ተመረቀ፤ ፊደላችንንም የሥዕሉ አካል አደረገው። አቻምየለህ ቀደም ብለው ፊታቸውን ወደ ኮምፒውተር ካዞሩት ወገን ነው። ከበደች ደግሞ ሶማሊያ ውስጥ በእስረኞች ካምፕ አሥር ዓመት ገደማ ከቆየች በኋላ ነው አሜሪካ ደርሳ ሃዋርድ የገባችው። ከእስክንድር ጋር በ2001 የሠሩት «ኔክሰስ» ዋሽንግተን በሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ግድግዳ ላይ የቆመ ትልቅ የአሉሚኒየም ሥራ ነው። ቆዳና ልጥ ያረጃሉ፤ አሉሚኒየሙ ግን በዋሽንግተን በረዶና ሙቀት ውስጥ ይቆያል። መምህርና ተማሪ ለተገናኙበት ከተማ የሚስማማ ምርጫ ነው።

እስክንድር «ኢትዮፒያን ፓሴጅስ» በተከፈተበት ወቅት፣ ሜይ 4 ቀን 2003 አረፈ።

ከዐውደ ርእዩ ወጣቶች አንዷ ጁሊ ምሕረቱ፣ በ1970 አዲስ አበባ ተወልዳ በሰባት ዓመቷ ሚሺጋን የገባች፣ ጥያቄውን በቀጥታ አሜሪካ ላይ አዞረችው። በ2017 ለሳን ፍራንሲስኮ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም በሠራቻቸው «ሃውል፣ ኢኦን» በተባሉ ሁለት ሸራዎች፣ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሠዓሊያን ያሞገሷቸውን የአሜሪካ ምዕራብ ተራሮችና ሸለቆዎች ከዘመናችን የጎዳና ተቃውሞ ፎቶግራፎች ጋር አደባለቀች። ሥዕሉ ፊት የቆመ ሰው ተራራውን ለብቻው፣ ተቃውሞውንም ለብቻው ለይቶ ማውጣት አይችልም። እያንዳንዱ ሸራ ወደ 10 ሜትር የሚጠጋ ስፋት አለው።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሥራዎቿ አዲስ አበባ መጥተው በገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ታይተው ነበር። የእስክንድር የልጥ ሥራዎችም እንዲሁ መጥተው፣ ከካራም ሆነ ከእንጦጦ ወርዶ የሚመጣ ተማሪ አጠገባቸው ቆሞ ሸካራነታቸውን በዓይኑ ቢያይ እወዳለሁ።