ተጨማሪ መረጃ፦ ሦስት ሚሊዮን ፍሬ ጤፍ ስጡኝ

ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ፣ ጀሞ ወይም ጎፋ ካለ እህል ቤት ገብታችሁ «ሦስት ሚሊዮን ፍሬ ጤፍ ስጡኝ» ብትሉ ይሳቅባችኋል። ነጋዴው ግን ሊሰጣችሁ ይችላል፤ አንድ ኪሎ መዝኖ፣ አለቀ። 1 ግራም ጤፍ በግምት 3,000 ፍሬ ነዋ! ኬሚስቶችም ቆጠራውን በሚዛን ይተኩታል። የእነሱ ደርዘን ሞል ይባላል፤ 6.022 × 10²³ ቅንጣት ማለት ነው።

ሻይ ውስጥ የጨመራችሁት ስኳር 7.04 × 10²¹ የሱክሮስ ሞለኪዩሎች አሉት እንበል። ስንት ግራም ነው? መጀመሪያ ቁጥሩን ለ6.022 × 10²³ አካፍሉ፤ 0.0117 ሞል ይመጣል። አንዱ የሱክሮስ ሞለኪዩል 12 ካርቦን፣ 22 ሃይድሮጅንና 11 ኦክስጅን ስላለው 1 ሞሉ 144 + 22 + 176 = 342 ግራም ይመዝናል። ስለዚህ፦

0.0117 × 342 ≈ 4 ግራም

አንድ የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው።

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው የመጀመሪያው እርምጃ ላይ ነው፤ በማካፈል ፈንታ ያባዛል። ካልኩሌተራችሁ በ10⁴⁵ የሚቆጠር ሞል ካሳያችሁ አትመኑት፤ ያን ያህል ስኳር ከምድርም ከፀሐይም ይከብዳል።

ለመሆኑ አንድ ሞል ፍሬ ጤፍ ቢኖርስ? 2,000 ትሪሊዮን ኩንታል ገደማ ይሆናል። በዓመት 50 ሚሊዮን ኩንታል እየታጨደ ቢከማች 40 ሚሊዮን ዓመት ይፈጃል። አንድ ሞል ውኃ ግን 18 ግራም ብቻ ነው፤ የቡና ስኒ እንኳ አይሞላም።